ወኪሎቹ በጣም ይዋደዳሉ

የጋሽ ሙሄ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ግን አራት ብቻ ነበርን። የቀረው ወኪል ነው። እኔም የሄድኩት ወኪሌን የላክኩበትን ቀን ተሳስቼ ነው፤ ስገባ የራሴ ወኪል የእኔን ፊት ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። «አላህ ያጽናችሁ» አለ በእኔው ድምፅ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ብዬው አላውቅም። የሟቹ ልጅ እኔን አልፎ ሄዶ እሱን አቀፈው። ምን ይደረግ!

ድሮ ሰው ውክልና የሚሰጠው ቤት ለመሸጥና መኪና ለማዞር ነበር ይላሉ። ከዚያ ለስብሰባ ተጀመረ፤ ከስብሰባ በመቅረቱ ማንም አልከፋውም። ቀጥሎ ለዕድር፣ ቀጥሎ ለሠርግ፣ ቀጥሎ ለትምህርት ቤት የወላጆች ቀን። አሁን ሰው ራሱ የሚሄደው ጥርስ ሐኪም ጋ ነው፤ እሱም በወኪል ጥርስ ስለማይነቀል። ወኪል ፊቱ የባለቤቱ ነው፣ ድምፁ የባለቤቱ ነው፣ ጸባዩ ግን የውክልና ጽሕፈት ቤቱ ነው። አይሳደብም፣ አያዛጋም፣ ሰው ሲያወራ አያቋርጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አይዋሽም። የሚያውቀውን ከጠየቅከው ይነግርሃል፤ ሕጉ ነው።

እኔ ኢምራን እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ሥራዬ መቀመጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በባቲ መንገድ ወደ ሚሌ የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች ራሳቸውን ነው የሚነዱት፤ ደንቡ ግን ከፊት ባለው መኪና ውስጥ አንድ ሰው ይቀመጥ ይላል። ይንቃ አይልም። ስለዚህ መጋረጃዬን ጋርጄ እተኛለሁ።

ሚስቴ የነበረችው ሂክማ ሚዛን መርማሪ ናት። ገበያው ውስጥ ያለ ሚዛን በእሷ እጅ ካላለፈ አይሸጥበትም። እሷ ሚዛን አታሳስትም፣ ቃልም አታሳስትም። በስልክ «ደርሻለሁ» ካለች ደርሳለች። እኔ «ደርሻለሁ» ስል ገና አንድ እግር ጫማ እየፈለግኩ ነው። ለእኔ ይሄ ጨዋታ ነው፤ ለእሷ ውሸት ነው። ብዙ ዓመት ታገሰችኝና አንድ ቀን በእርጋታ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ «ኢምራን፣ ከአንተ ጋር ስኖር መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም» አለችኝ። ተፋታን። በዚህ አልቀየማትም፤ መሬት የመርገጥ መብቷ ነው።

ሁለት ልጆች አሉን። ዘመኑ የጥንት ስም የሚወድ ስለሆነ ትልቋን ጦይባ፣ ትንሹን ይማም ብለናቸዋል። እራት ላይ የምንጫወተው ጨዋታ ነበረን። አንዱ አንድ ትልቅ ቅጥፈት ይወረውራል፤ ሌላው ከዚያ የባሰ ያመጣል። የሳቀ ወይም «ውሸት!» ያለ ይሸነፋል። እኔ «ዛሬ ሚሌ ላይ አንድ ጅብ መኪናዬን አስቁሞ ሸኘኝ አለኝ» ካልኩ፣ ጦይባ ፊቷ ሳይነቃነቅ «እኛ ትምህርት ቤትም መጥቶ ነበር፤ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው» ትላለች። ይማም ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ሳቁን መያዝ አይችልም፣ በአፍንጫው ያመልጠዋል። ሂክማ በዚያ ሁሉ መሀል «ብሉ፣ ቀዘቀዘ» ከማለት በቀር ተንፍሳ አታውቅም።

ፍቺ የጸደቀለት አባት ሁሉ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ ለአንድ ዓመት ልጆቹን የሚያገኘው በታዛቢ ፊት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ በመገናኛ ቤቱ። ዓመቱ ሲያልቅ ነጥቡ ጥሩ ከሆነ ልጆቹ ቤቱ ይመጣሉ፣ ያድራሉ፣ እንደ ልባቸው ይሆናሉ። ነጥቡ መጥፎ ከሆነ ከዚያ ወዲያ የሚያያቸው በምስል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ልጆቼን በምስል ማየት አልችልም፤ ምስል አይሸትም፣ ጆሮ አይጎተትለትም።

ታዛቢዋ ግድግዳ ላይ ያለች መብራት ናት። አረንጓዴ ስትሆን ደህና ነህ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ገና ገብቼ ሁለቱንም እቅፍ እንዳደረግኩ ቢጫ ሆነች። «እቅፉ ከሚፈቀደው በላይ ቆይቷል» አለች ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ። ለቀቅኳቸውና ስለ ጅቡ ጀመርኩ። «ያልተረጋገጠ መረጃ ለሕፃናት ማቀበል» አለች። ይማም ሳቀ። «ሕፃኑን ከልክ በላይ ማስደሰት» አለች። ከልክ በላይ! በዚህች ምድር ላይ ስንት የተከሰስኩበት ነገር አለ፣ ይሄኛው ግን አዲስ ነበር። ልወጣ ስል ዓይኔ እንባ ቢያቀርር ቀይ በራች፤ እሱ የወላጅ ስሜት በልጆች ላይ መጫን ነው አለችኝ።

ከመቶ አርባ አንድ አገኘሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እያዩኝ ሳይሆን መብራቷን እያዩ ጠበቁኝ። ይማም ከንፈሩን ነክሶ ነበር፤ እንዳይስቅ። እኔም መብራቷን እያየሁ «ትምህርት እንዴት ነው?» አልኩ። «ደህና ነው አባዬ» አሉ። እንዲህ ሆነን ተለያየን።

ቀጥሎ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ያዘኝና ወኪል ላክኩ፤ ይፈቀዳል። ማታ ውጤቱ መጣ። ዘጠና ሰባት! «አባትየው በጥሞና ያዳምጣል፤ ንግግሩ የተመጠነ ነው፤ ልጆቹን በዕድሜያቸው መጠን ያስደስታል» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ቀናሁ፤ እንዲያው በራሴ ፊት ቀናሁ። ያ ሰውዬ ለቅሶ ቤት በለጠኝ፣ አሁን ደግሞ በአባትነት በለጠኝ።

ከዚያ አሰብኩበት። እኔ ከሄድኩ ነጥቡ ይወርዳል፤ ነጥቡ ከወረደ ልጆቼን ለዘለዓለም በምስል ነው። እሱ ከሄደ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ቤቴ ይመጣሉ። ስለዚህ እሱን ላክኩ፣ እኔ መጋረጃዬን ጋርጄ ወደ ሚሌ ወረድኩ። ውጤቱ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ። ቤተሰባችን ለሌሎች ምሳሌ ይሁን ተብሎ በመገናኛ ቤቱ መግቢያ ላይ ምስላችን ተሰቀለ። ሦስታችንም እኩል ፈገግ ብለናል።

አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ዓባድር ተራ ቀያየረኝ። ከተማ ዋልኩ። «ወኪልህን ላክና ተኛ» አለኝ ልቤ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። የወር ነጥብ ቢያስቀንሰኝም ያስቀንሰኝ፣ ልጆቼን ልያቸው ብዬ ራሴ ሄድኩ።

ተቀምጠው አገኘኋቸው። አድገዋል። ጦይባ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች፤ ይማም ጥርሱን አብቅሏል። አጠር ያለች እቅፍ አቀፍኳቸው፤ መብራቷ አረንጓዴ። ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩና የመጣው ይምጣ አልኩ።

«ያ ጅብ ትዝ ይላችኋል? አገባ። ሠርጉን ባቲ ላይ ነበር የደገሰው፤ ሚዜው እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

ቢጫዋ በራች። ይብራ። እኔ የምጠብቀው ጦይባን ነው። ዞር ብላ አየችኝ፤ በሚያምሩ ዓይኖቿ በትክክል አየችኝና «እንዴት ደስ ይላል አባዬ። ጅቡ መልካም ትዳር ይሁንለት» አለች።

ይማም አልሳቀም። «ስላካፈልከን እናመሰግናለን» አለ።

የእኔ ልጅ ስላካፈልከን እናመሰግናለን! ይማም እኮ ከእጄ ሙዝ ነጥቆ የሚሮጥ ልጅ ነው። ጦይባ እኮ «ሚዜው አንተ ከሆንክ ሙሽራዋን ማን በላት?» ነበር የምትለው። እጇን ያዝኩት፤ ሞቃት ነው። ፊቷን አየሁ፤ እንከን የለውም፤ አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳዋ ሳትቀር አለች።

«ጦይባ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «ባለቤትሽ የት ናት?»

«ባለቤቴ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ከወንድሟ ጋር የባቲ መንገድ የእግረኛ ድልድይ ላይ ትሆናለች» አለችኝ፤ ወኪል አይዋሽማ። መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ይህን የሚከለክል ደንብ ለካ የለም። ተነሣሁ። ሁለቱ ወኪሎች በአንድ ላይ «ደህና ሁን አባዬ» አሉኝ።

እየሮጥኩ ነበር ማለት እችላለሁ። ልሳደብ ነው፣ ልቆጣ ነው፣ የት ነው የሚውሉት፣ እኔን ትተው ምን ሊያደርጉ ነው እያልኩ ድልድዩ ላይ ወጣሁ። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ከሥር መኪናዎቹ ተከታትለው እያለፉ ነው። ይማም በሁለት እጁ እንደ እብድ ያውለበልባል፤ የትምህርት ቤት ሹራቡን አውልቆ ነው የሚያውለበልበው።

ከኋላቸው ቆሜ እኔም እጄን አነሣሁና አውለበለብኩ።

«ማንን ነው የምንሸኘው?» አልኩ።

«አባታችንን» አለች ጦይባ ሳትዞር፣ «ከፊት ባለው መኪና ውስጥ ነው። አያየንም፤ ተኝቶ ነው የሚያልፈው።»

ይማም ድምፄን ሰምቶ ዞረና ጮኸ። ያን ቀን እቅፉ ከሚፈቀደው በላይ ቆየ፤ ማንም አልነገረንም።

ነገሩን ቀስ ብላ ያስረዳችኝ ጦይባ ናት። እነሱ ራሳቸው ሲመጡ ይማም ይስቃል፣ መብራቷ ትበራለች፣ የእኔ ነጥብ ይወርዳል። ስለዚህ እነሱም ወኪል ጠየቁ፤ እኔ በዓመቱ መጨረሻ እንድሸለማቸው። እኔ ለእነሱ ብዬ፣ እነሱ ለእኔ ብለው፣ ክፍሏን ለሦስት ወኪል ለቀን ተቀመጥን ማለት ነው።

«ለልጅ ወኪል እናት ካልፈቀደች አይሰጥም እኮ» አልኳት።

«ፈቀደች። ሥራ በዝቶባት ሳታነበው ፈረመች» አለችኝ ፊቷ ሳይነቃነቅ።

አመንኳት።

ከዚያ ወዲያ ዓባድርን ለምኜ ተራዬን ለወጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወኪሎቹ መገናኛ ቤት ይዋደዳሉ፤ እኛ ደግሞ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከአሮጌው የጨርቃ ጨርቅ ግቢ አጥር ጀርባ እንገናኛለን። ወኪል የማያውቀውን አይናገርምና የት እንደምንሄድ ለወኪሎቻችን አልነገርናቸውም። ሕግ መጣሳችን ነው፤ ብንያዝ ምስሉ እንኳ ይቀርብን ነበር። ጅቡ ግን ወለደ፣ ልጆቹን አስተማረ፣ አንዱ ልጁ ደሴ ላይ ጠበቃ ሆነ። ይማም በአፍንጫው ሳቀ፤ ተሸነፈ። እኔም የምኖር መሰለኝ።

ልጆቹ ምሳ ዕቃ ይዘው ነው የሚመጡት። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር፤ ምግቡ ሁልጊዜ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ደግሞ አንዱ ምሳ ዕቃ ውስጥ ቃሪያው በድርብ ነው። ልጆቹ ቃሪያ አይነኩም። ሂክማ ታውቃለች፤ ቃሪያ የምወደው እኔ ነኝ።

«ተሳስታ ነው» አለች ጦይባ።

«ትሳሳታለች እንዴ?»

«ሥራ በዝቶባታል አልኩህ እኮ።»

በላሁ። አንዱን ምሳ ዕቃ ረስቼ ቤቴ ወሰድኩት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ፤ ቀይ ክዳን ያለውን ደግሞ እየወደድኩት ሄጄ ምስማር አስቀመጥኩበት።

ዓመቱ አለቀና ለውሳኔ ተጠራን። መጥሪያው «ዋናዎቹ ይቅረቡ» ይላል፤ ውሳኔ ላይ ወኪል አይገባም። ሂክማ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ልጆቹ በመሀል። ዳኛዋም ራሳቸው ነበሩ፤ አንዴ ሲያስነጥሳቸው ነው ያወቅኩት። ሰው በመሆናቸው ደነገጥኩ።

«ውጤቱ እጅግ ግሩም ነው» አሉ ዳኛዋ። «እንዲህ ያለ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም። ብቻ አንድ ነገር አለ። አንድ ቅዳሜ አቶ ኢምራን ራሳቸው ተገኝተው የልጃቸውን ወኪል ‹ባለቤትሽ የት ናት?› ብለው ጠይቀዋል። ወኪሏም መልሳለች። ከዚያ ሰዓቱ ሳያልቅ ወጥተዋል።» መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ ከትእዛዙ ውጭ አባታቸውን አግኝተው ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ነጥብ ይሰረዛል።»

ተነሣሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የተለማመድኩበት ቀን መጣ። አፌን ከፈትኩ። ከልጆቹ ወዲያ የተቀመጠችው ግን ሂክማ ናት። ቀጥሎ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ ሂክማ ደግሞ አትዋሽም። የት እንደሚውሉ ካወቀች አለቀልን፤ ካላወቀችም «አላውቅም» ትላለች፣ ያኔም አለቀልን።

«እርስዎ ይቀመጡ» አሉኝ ዳኛዋ። «ጸባይዎ በፍቺው መዝገብ ላይ አለ። ወይዘሮ ሂክማን ነው የምጠይቀው።»

ሂክማ ተነሣች፤ ሻሿን አስተካከለች። አላስማሏትም፤ በኮምቦልቻ ሂክማን ማስማል ስድብ ነው።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ የት ይውላሉ?»

«ከእኔ ጋር፣ ክብርት ዳኛ።»

ጦይባ እጄን ጨበጠችው። ይማም አፉን ከፈተ።

«ምን ሲያደርጉ?»

አየኋት። ውሸት ለማያውቅ ሰው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው የሚከብደው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ገበያ ይመጣሉ። ሚዛን ስመረምር ያግዙኛል። ባለፈው ለምሳሌ፣» አለችና ወደ ጣሪያው አየች፣ «አንዲት ፍየል ሚዛን ላይ ወጥታ አልወርድም ብላን፣ ሦስታችን ስንለምናት ዋልን።»

ይማም የሹራቡን እጅጌ አፉ ውስጥ ከተተ። እኔ ጫማዬን አየሁ፤ የሳቀ ይሸነፋል።

ዳኛዋ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት። «ወረደች?» አሉ።

«ክብደቷን ስነግራት ደንግጣ ወረደች።»

«ስንት ነበር?»

«በሕዝብ ፊት እንዳልናገር አስምላኛለች፣ ክብርት ዳኛ።»

የዳኛዋ ከንፈር ትንሽ ተነቃነቀ። ወዲያው መነጽራቸውን መልሰው ወደ ላይ ገፉና ለጸሐፊው «ፍየሏን መዝግብ» አሉት። ከዚያ ተፈቀደልን። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ልጆቹ ያለ ታዛቢ ቤቴ ይመጣሉ፤ ያድራሉም።

ደጅ ላይ ይማም ያጠራቀመውን ሳቅ ሁሉ ለቀቀው፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጦይባ እናቷን እንደ አዲስ ሰው ታያታለች። እኔ ቀረብ አልኳት።

«ሂክማ፣ አንቺ…»

«ዝም በል።» ሻሿን እንደገና አስተካከለች። «ወላሂ እግሬ መሬት አልረገጠም። እንዴት ነው በየቀኑ የምትችለው?»

«ፍየሏን ከየት አመጣሻት?»

«እንጃ፤ ራሷ መጣች» አለችና ልትስቅ ስትል ያዝ አደረገችው። ከዚያ የድሮውን፣ የሚዛን መርማሪዋን ፊት መለሰች። «ምሳ ዕቃዎቼ የት አሉ?»

«የምን ምሳ ዕቃ?» አልኩ፤ ልማድ ነው።

«ቀይ ክዳን ያለውንም ጨምሮ። ምስማር ምናምን ካስቀመጥክበት አጥበህ።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቀለች። «ቃሪያውን በድርብ የሚቋጥርልህ ማን መስሎህ ነበር?»

ወደ ጦይባ ዞርኩ። ሳታነበው ፈረመች ያለችኝ ልጅ ሰማዩን እያየች ታፏጫለች። ለካ ያን ዓመት ሙሉ ተሸንፌ ነው የኖርኩት። አንዲት ውሸት እንኳ አላገኘሁም።

«ቅዳሜ ልጆቹን ልትወስድ ስትመጣ ምሳ ዕቃዎቹን ይዘህ ና» አለችኝ ሂክማ እየሄደች። «ደግሞ ስትደርስ ነው ‹ደርሻለሁ› የሚባለው!»

ቅዳሜ ጠዋት ምሳ ዕቃዎቹን አጥቤ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ ያዝኩና ደወልኩላት።

«ደርሻለሁ» አልኳት።

«ጫማህን አደረግክ?» አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት በሯን አንኳኳሁ።